የኮስታራው ሳቅ

የሰደበው የሚስቱ ወንድም ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ልጁ የተመረቀች ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሳሎኑ በሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ። ማን የት እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አይረሳም። ልጁ ከነጥቁር ካባዋ መሀል ላይ፣ እናቷ ከጎኗ፣ የሚስቱ አክስት መስኮቱ ሥር ሶፋው ላይ፣ ጎረቤቶቹ በተውሶ ወንበር ላይ። የሚስቱ ወንድም ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና ስለ ልጅቷ ያወራ ጀመር። ሕፃን ሳለች «አጎቴ ፀጉርህን ላስተካክልህ» ብላ መሀል አናቱን እንዴት እንደላጨችው፣ እሱም ሳምንቱን ሙሉ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ሥራ እንደገባና እንደወጣ ሲናገር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ። ራሱን መግታት ነበረበት፤ ግን የልጄ ቀን ነው፣ ለአንድ ቀን ብስቅ ምን ይመጣል ብሎ ሳቀ።

ያኔ ጉልበቱ ከዳው። በእጁ የያዘው ውሃ ሱሪው ላይ ተደፋ፤ አንገቱ ዘመመ፤ የበሩን መቃን ተደግፎ እንደ ረጠበ ጨርቅ ቁልቁል ተንሸራተተ። ሳቁ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። የሚስቱ ወንድም ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ወሬውን የነጠቁት ሰው በሚያወጣው ድምፅ እንዲህ አለ፤

«ይሄን ሰው ውሃ ራሱ ያሰክረዋል። ልጅቷ አባቷን ሳትመስል መቅረቷ ነው የኔ ደስታ።»

ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ይሄን ሰው አያውቅለትም። ይወድቃል እንጂ ራሱን አይስትም፤ ጆሮው ይሰማል፣ ዓይኑ ያያል፣ የተባለው ሁሉ ይገባዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መልሱ ወዲያው መምጣቱ ነው። እንዲያ ያለ መልስ ለሰው በዕድሜው አንዴ ቢመጣለት ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ገና በሐሳቡ ሲያጣጥመው አገጩ ረገበ፣ ምላሱ ተልፈሰፈሰ፣ ከአፉ የወጣው ትርጉም የሌለው ጉርምርምታ ሆነ። የሚስቱ አክስት ከንፈሯን መጠጠች። ልጁ ካባዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ከስድቡ ይልቅ እሷ ጓዳ መግባቷ አንጀቱን አሳረረው።

የቂም ነገር ከተነሣ እሱ ዘንድ ያለው ሙሉ ቁምሳጥን ነው። እያንዳንዱ ተተኩሶ፣ በየማንጠልጠያው ተሰቅሎ ይኖራል። ከሁሉ ጥግ የተሰቀለው የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ዝናባማ ጧት ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሞት፣ «አንተን እናትህ የወለደችህ ለትራስ ነው» ያለው። ከዚያ በኋላ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ትራስ ሲሉት ኖሩ፤ በዓመቱም ትምህርቱን ጥሎ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ አለች። እንቅልፍ አሸነፈኝ ብሎ ቢሄድላት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «ሥራ የጠላ ሁሉ እዚህ ነው የሚመጣው» ብላ የቫይታሚን ክኒን ሰጥታ ሸኘችው። ለሁሉም መልስ ነበረው። ለአንዳቸውም አልመለሰም። መልሱ ተራ ሲሆን አፉ ይታዘዝለታል፤ ደህና አድርጎ የሚቆርጥ ሲሆን፣ ገና ደስ ሲለው፣ አገጩ ጥሎት ይሄዳል። የገዛ አካሉ ለጠላቶቹ ያደረ ይመስለው ነበር።

ስለዚህ ሳቅን ተወ። ሰው ሲቀልድ የእግሩን ጣቶች ጫማው ውስጥ ጭምድድ አድርጎ ይጨብጣል፣ ጉንጩን ከውስጥ ይነክሳል፣ የአባቱን ቀብር ያስባል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ፊቱ በዚያው ደረቀ። በሚሠራበት መስታወት ቤት ስሙ ኮስታራው ሆነ። አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ግብር ሊሰበስብ የመጣ ሰው ነው ብሎ ይሸሸዋል፤ ቆይቶ ደግሞ የሚንቃቸው ይመስላቸዋል። እሱም ተዋቸው። ይንቀናል ይበሉ። ይወድቃል ከሚሉኝ ይሻላል ይላል።

እንቅልፉንም ቢሆን ችሎት ኖሯል። እንቅልፍ ለሌላው ሰው ሲደክመው የሚመጣ ነገር ነው፤ ለእሱ ግን ከኋላው ተደብቆ መጥቶ ዓይኑን በመዳፉ የሚሸፍን ልጅ ነው። ማንኪያ እንደያዘ ይወስደዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ መውረጃውን አሳልፎ ይወስደዋል። ጧት ጧት ደግሞ ዱካክ ያፍነዋል። ዓይኑ ተከፍቶ፣ የክፍሉ ብርሃን እየታየው፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ይከብደዋል፣ ቁምሳጥኑ አጠገብም ሰው የቆመ ይመስለዋል። ይሄን ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም። ሰካራም መባሉ ሳያንስ ዕብድ ልባል እንዴ ብሎ ዝም።

መስታወት ቤቱ ውስጥ ግን አንድ የራሱ ቦታ ነበረው፤ የመቁረጫው ጠረጴዛ። ወፍራም ጨርቅ የለበሰ፣ ከመስኮቱ ሥር የቆመ ሰፊ ጠረጴዛ ነው። አልማዙን፣ ማለትም መስታወት የሚጭርበትን ትንሹን መቁረጫ፣ ከደረት ኪሱ አውጥቶ በማስመሪያው ጎን አንዴ ሲስበው፣ ጭርርታው ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ከሥር ቀለል አድርጎ ሲመታው መስታወቱ በመስመሩ ለሁለት ይከፈላል። እዚያ ቆሞ ሲሠራ እንቅልፍ ብዙም አይደፍረውም። ቢመጣም ከሩቁ ያውቀዋል፤ አልማዙን አስቀምጦ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። የፈለጉትን ስም ያወጡለት፣ ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ሥራ ያስገባው የሚስቱ ወንድም ነው፤ የቤቱ ፎርማን እሱ ነውና። «እኔ ነኝ ያስገባሁት» የሚለውን ሳይናገር የዋለበት ቀን ቢኖር በሕመም የቀረበት ቀን ነው።

መስታወት ቤቱ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው። ትልቅ መስታወት በሁለት ሰው ይያዛል፤ ከኋላ ያለው ብቻ ይናገራል፣ እሱም «ደረጃ»፣ «ወደ ግራ»፣ «አውርድ» ከማለት አያልፍም። ከፊት ያለው አፉን አይከፍትም። መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ሰላም ቢለው እንኳ አይመልስም፤ ማንም አይቀየምበትም። የቤቱ ባለቤት እትዬ ራሳቸው መስታወት ሲመጣ ካዩ ግድግዳ ተለጥፈው ትንፋሻቸውን ውጠው ያሳልፋሉ። መስታወት ተይዞ ወሬ የለም። ሠራተኛ ሲቀጠር ከደሞዙ በፊት የሚነገረው ይሄ ነው።

አንድ ቀን ለጫማ መሸጫ የሚሆን የፊት መስታወት ወጣ፤ ቁመቱ በር የሚያህል፣ ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጥ። የዘወትሩ ተሸካሚ ስላልመጣ ከፊት ፎርማኑ ያዘ፣ ከኋላ እሱ። ፎርማኑ ያን ቀን ጨዋታ ላይ ነበር። ግቢውን እኩል ሳይሻገሩ አንገቱን ዞር አድርጎ፣ መስታወቱን አሻግሮ፣ አንድ ቀልድ ጣል አደረገ።

እሱ የእግሩን ጣቶች ጨበጠ። ጉንጩን ነከሰ። አባቱን ቀበረ። ቀልዱ ከአባቱ ቀብር በለጠ። ጉልበቱ ሲታጠፍ ተሰማው፤ የእጁ ጣቶች ሲለቁ ተሰማው፤ ከዚያ ግቢው በረዶ የዘነመበት መሰለ።

እትዬ ከቢሮ ሲወጡ ፎርማኑ የተቧጨረ ክንዱን ይዞ ቆሟል፤ እሱ ስብርባሪው መሀል ተቀምጧል። ፎርማኑ ቀደመ። የእህቴ ባል ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ሸሽጌዋለሁ፣ ዛሬ ግን የሰው ነፍስ ሊያጠፋ ነበር፣ ቀምሶ ነው የመጣው አለ። እሱ ሁሉን ይሰማል። ሊል የፈለገው አጭር ነበር፤ «ማን ነው ያወራው?» የሚል ብቻ። ምላሱ እሱንም አልሸከምም አለው። ለእትዬ የታያቸው አፉ የተኮላተፈ፣ ዓይኑ የከበደ፣ መነሣት ያቃተው ሰው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያስብ ነበር? ጎንበስ ብለው አልማዙን ከደረት ኪሱ አወጡ። አልጮሁበትም። ቢጮሁ ይሻለው ነበር።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ካርቶኑ ጋ ሁን» አሉት። «ካልተስተካከልክ ሌላ ቆራጭ እፈልጋለሁ።»

ካርቶኑ ጋ ማለት በሩ አጠገብ ያለው ጥግ ነው። የተቆረጠ መስታወት ጠርዙ በካርቶን ይጠቀለላል፣ በገመድ ይታሰራል። እዚያ ሆኖ የገዛ ጠረጴዛውን ከሩቅ ያየዋል። በዚህ ዕድሜው፣ ሰካራም የሚል ስም ይዞ፣ አልማዝ አምኖ የሚሰጠው ሌላ መስታወት ቤት እንደሌለ ያውቃል። ከጠረጴዛው ከወጣ ወጣ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሚስቱ ከገመድ ላይ ያወረደችውን ልብስ አልጋው ላይ ታጣጥፋለች። ወንድሟ መጥቶ ሁሉን ነግሯት ሄዷል። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዱላውን ይጠብቃል።

«አባቷ» አለችው፤ በልጃቸው ነው የምትጠራው። «እኔ አፍህን ሳሸት ነው የኖርኩት። ምን እንደቀመስክና እንዳልቀመስክ ወንድሜ ሊነግረኝ አይችልም። እሱን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከኔ ጋር የማትስቀው ለምንድን ነው?»

ለስድብ ሁሉ መልስ ያለው ሰው ለዚህ አጣ። ስለዚህ እውነቱን ነገራት፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ አገጩ፣ ስለ አባቱ ቀብር፣ ጧት ጧት ቁምሳጥኑ አጠገብ ስለሚቆመው ሰው ሳይቀር። ሸሚዝ እጇ ላይ እንደያዘች ሰማችው። ሲጨርስ ሸሚዙን ወረወረችበት። ትዳራችንን ሙሉ ሳይወደኝ ተሸክሞኝ የሚኖር ነው ብዬ ስቃጠል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል ማለት አቅቶህ ነው ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሰደበችው። ያ ስድብ ቁምሳጥኑ ውስጥ አልተሰቀለም። በነጋታው ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች፤ ጤና ጣቢያ አይደለም፣ ትልቁ ሆስፒታል ነው የምንሄደው አለች።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ልጁን ብታክል ነው። ገና ስትገባ አስጠላችው። ሌላ ነርስ መጣች አለ በልቡ፤ ለእሷም የሚሆን ማንጠልጠያ አዘጋጀ። እንቅልፍ አሸነፈኝ ሲላት እሷ ግን ስለ መጠጥ አልጠየቀችም። ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ፣

«ሲስቁ ጉልበትዎ ይከዳዎታል?» አለችው።

ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። ነግረሻታል እንዴ? ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አልነገረችም። ሐኪሟ ቀጠለች። ሲናደዱስ? ደህና ጨዋታ ሊጫወቱ ሲሉስ? ሲነቁ መንቀሳቀስ ያቅትዎታል? ሰው የቆመ ይመስልዎታል? አንድ በአንድ ከሆዱ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ይሄን ሁሉ የምታውቀው ሌላም ሰው እንዲህ ስለሚሆን መሆኑ ገባው። ሌላም ሰው አለ ማለት ነው። የሆነ ቦታ ሌላም ኮስታራ ጣቱን ጫማው ውስጥ ይጨብጣል።

ሲሆንብዎ ባየው ጥሩ ነበር፣ ምን ያስቅዎታል ብላ ጠየቀችው። ትንሽ አሰበና የምርቃቱን ቀን አጫወታት። «የሚስቴ ወንድም ይሄን ሰው ውሃ ራሱ ያሰክረዋል አለ። እኔ ልመልስለት የነበረው ደግሞ፣ ልክ ነህ፣ ውሃ ያሰክረኛል፤ አንተ ቤት...» እዚህ ሲደርስ አገጩ መርገብ ጀመረ። ሚስቱ ልትደግፈው ተነሣች። ሐኪሟ በእጇ አስቆመቻትና ወደሱ ጎንበስ አለች። «ይጨርሱ። እሰማዎታለሁ።»

«...አንተ ቤት በመጣሁ ቁጥር... የሚቀዳልኝ... እሱ ብቻ ነዋ» አለ፤ ፊደሉ እየተጎተተ፣ አንገቱ ወንበሩ ላይ እየተጋደመ። ሐኪሟ ሳቀች። ሚስቱ ለወንድሟ ልትቆጣ ብላ እሷም ሳቀች፤ የወንድሟን ቤት ብርጭቆ ታውቀዋለችና። እሱ ወንበሩ ላይ እንደተዘረጋ፣ ዓይኑ ብቻ እየሳቀ፣ መልሱ ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ጆሮ ሲደርስ አየ።

ሆስፒታል አሳድረው በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አስተኙት። ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው ተኛ ይሉታል፣ ይቀሰቅሱታል፣ ቆይተው ደግሞ ተኛ ይሉታል። በሕይወቱ ተኛ ተብሎ ሲታዘዝ የመጀመሪያው ነው። ጎኑ አልጋው ላይ ገና ሳያርፍ ጭልጥ ይላል፤ ጭልጥ ከማለቱም ሕልም ያያል። መሣሪያውን የሚከታተለው ባለሙያ እንደርስዎ የፈጠነ አላየሁም አለው። በትምህርት ቤት ያላገኛትን አንደኛነት እዚያ አገኛት።

በሽታው ስም አለው። ናርኮሌፕሲ ይባላል አለችው ሐኪሟ። በእንቅልፍና በንቃት መሀል በር ጠባቂ አለ፤ የእርስዎ ጠባቂ ሥራውን ጥሎ ሄዷል። ሰው ሕልም ሲያይ ተነሥቶ እንዳይሮጥ አካሉ ይፈታል፤ ያ መፈታት እርስዎን በጠራራ ፀሐይ ሲስቁ ይመጣብዎታል። ጧት ዱካክ የሚሉትም ያው ነው፤ አእምሮዎ ቀድሞ ይነቃል፣ አካልዎ ይዘገያል። ጨርሶ አይድንም፤ ግን ይገራል። አንድ መድኃኒት ለእንቅልፉ፣ ሌላው ለጉልበቱ። ሁለተኛው ለድባቴ የሚታዘዝ መድኃኒት መሆኑን ስትነግረው እኔ ድባቴ የለብኝም ብሎ ተቆጣ። ዓለም አስጠልቶዎት፣ ምን አለ ባልነቃሁ ያሉበት ጊዜ የለም ወይ አለችው። ሚስቱ እጁን ያዘች። መድኃኒቱን ለጉልበትዎ ነው የማዝልዎ፣ ስለዚያኛው ግን ደግሞ እንነጋገራለን፤ እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው ቢከፋው አይገርምም፣ እሱም ይታከማል አለችው።

ከዚያ ሕጉን ነገረችው። መኪና አይነዳም፣ ከፍታ ላይ አይወጣም፣ ትልቅ መስታወት አይሸከምም። ጠረጴዛ ላይ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ሲመጣበት እጁን እያነሣ፣ መቁረጥ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ለአጭር ጊዜ ይተኛል። «ይሄ ስንፍና አይደለም» አለችው። «እንደ ክኒኑ ይቁጠሩት። ማንም ቢስቅብዎ እንዳያልፍዎት።»

ልጁ ይሄን ስትሰማ ከምትሠራበት ከተማ ደወለች። እሱ ስለዚያ ቅዳሜ ማንሣት አልፈለገም፤ እሷ አነሣችው። ጓዳ የገባችው ለምን እንደነበር ነገረችው። ፎጣ ልታመጣለት ነበር፤ ሱሪው በውሃ ርሶ ስለነበር። ፎጣውን ይዛ ስትመለስ እሱ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቷል። ደጁ ላይ ቆማ ትንሽ ጠብቃ ፎጣውን እጀታው ላይ ሰቅላው ሄደች። ፎጣውን ያስታውሳል። ማን እንደሰቀለው ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ከቁምሳጥኑ አንድ ልብስ ወረደ፤ የተቀሩት ግን እንደተሰቀሉ ናቸው። እሱ ቅዱስ አይደለም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ከተዋወቀ በኋላ፣ አንድ ጧት ካርቶኑን አስቀምጦ ግቢው መሀል ሄዶ ቆመ። እትዬ የዕለቱን ሥራ እያከፋፈሉ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከቧቸዋል። የሐኪሟን ወረቀት ቀደም ብሎ ሰጥቷቸዋል፤ አሁን የፈለገውን በአፉ ተናገረ። ጠረጴዛዬን እፈልጋለሁ። መስታወት አልሸከምም። ከምሳ በፊትና ከሰዓት ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ትንሽ እተኛለሁ። ያን ጊዜ ማንም አይነካኝም።

ፎርማኑ አጨበጨበ። አልጋስ አይገዛለትም? ብርድ ልብስስ? ማታ ማታ ተረት የሚነግረው ሰው አይቀጠርለትም? እያለ ዙሪያውን እያየ አሳቃቸው። እትዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

«ወረቀቱን አንብቤዋለሁ» አሉት። «ግን አየህ ልጄ፣ የሚወድቀው ወረቀቱ አይደለም። መጠጥ እንዳልሆነ እኔ በምን ልወቅ?»

«አስቁኝ» አለ።

ኮስታራው አስቁኝ ሲል መስማት የጠረጴዛው እግር ሲናገር እንደ መስማት ነው። እሱ ግን ካርቶን የተነጠፈበት ቦታ ሄዶ ባዶ እጁን ቆመ። «የፈለጋችሁትን አውሩ። ከዚያ እዩኝ። የሰከረ ሰው እንደኔ ከተነሣ፣ እውነታችሁን ነው፤ እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ አንደኛው ሠራተኛ ስለ አማቱ አንድ ነገር አለ። ከዚያ ሌላው ስለ በግ ገዢ። ኮስታራው ሳቀ። ጉንጩን ሳይነክስ፣ ጣቱን ሳይጨብጥ ሳቀ፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ እንጂ ያዘው። ሳቁ ያልተለማመደ ሰው ሳቅ ነበር፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል። የሰሙት የሳቁት በቀልዱ ሳይሆን በሱ ሳቅ ነው። ድሮ የሚጥለው ቀልድ አሁን እንደማይጥለው እሱም ገና ማወቁ ነበር፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ።

መስታወት በፍሬም ላይ የሚገጥመው ሽማግሌ፣ ጋሽ ስቱኮ የሚሉት፣ ጣቱ ላይ የደረቀውን ስቱኮ እየላጠ ወደፊት መጣ። እሱን የሚጥለውን እኔ አውቀዋለሁ፣ በዚያን ቀኑ ቀልድ ይሞከር አለ። ፎርማኑ ተወው አለው። ጋሽ ስቱኮ ግን አንዴ ከጀመረ የሚተው ሰው አልነበረም። «እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ በእርስዎ ላይ ነው» ብሎ ቀጠለ። «እትዬ አንድ ቀን ቢሮ ያለውን መስታወት አውጡልኝ አሉ። ምን ሆነ ቢሏቸው፣ ስሰቅለው አንዲት ቆንጆ ወጣት ነበረችበት፤ አሁን ማን እንደሆነ እንጃ እናቴን አስገብቶብኛል አሉ።»

ኮስታራው ወደቀ። ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ በጉልበቱ፣ ከዚያ በጎኑ፣ ካርቶኑ ላይ ተኛ። ዓይኑ ተከፍቶ ሁሉን ያያል። ሠራተኛው አንገቱን አስግጎ ከበበው። እሱ ግን እንዳሻቸው እንዲያዩት ተዋቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር የለውም። ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ተንቀሳቀሰ፣ ክርኑን ተደገፈ፣ ማንም ሳይዘው ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ።

«ይሄው ነው» አለ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ። «ሌላ የሚታይ ነገር የለም።»

እትዬ ግን እሱን አልነበረም የሚያዩት። ቀልዱ ላይ ሊስቁ ጀምረው ነበር፤ ሳቃቸውን እኩል ላይ አቆሙት። «የዚያን ቀን ያልከው የቱን ቀን ነው?» አሉ ጋሽ ስቱኮን።

ሽማግሌው ጣቱን መላጥ አቆመ። መስታወቱ የተሰበረ ቀን ነዋ አለ፤ ከመስኮቱ ሆኖ ሲያያቸው፣ ፎርማኑ ከፊት ሆኖ እያወራ ሲሄድ የሰማው።

«መስታወት ተይዞ?» አሉ እትዬ።

ፎርማኑ ጫማውን አየ። ያን ግቢ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በላይ ምንም መባል እንደማያስፈልግ ያውቃል። እትዬ ወደ ቢሮ ገቡ፤ አልማዙን ይዘው ወጡ። ኮስታራው ፊት ቆመው፣ ባወጡበት እጃቸው መልሰው ደረት ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። ሲመለሱ ፎርማኑን አልፈውት እየሄዱ፣ ሳይዞሩ፣ «ካርቶኑ ጋ ሰው ጎድሏል» አሉ።

ከምሳ በፊት ጠረጴዛው ላይ የመጀመሪያውን መስታወት ቆርጦ ጨርሶ ነበር። ጭርርታው ሳይቋረጥ ከጫፍ ጫፍ ሄደ። ሰዓቱ ሲደርስ እንቅልፉ ከሩቅ ሲመጣ ተሰማው፤ አልማዙን ሊያስቀምጥ ሲል ፎርማኑ ከበሩ ጥግ መጣ። በእጁ ካርቶን ይዟል። ፊቱ ቀልቷል። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣

«በል እንግዲህ፣ ትራስ ላምጣልህ? የእህቴ ባል ባትሆን ይሄን ደጅ አትረግጠውም ነበር። ዶክተር አለኝ፣ ወረቀት አለኝ ብትል ያው ነህ። ድሮም ብዬአለሁ፤ ይሄን ሰው ውሃ ራሱ ያሰክረዋል።»

ቃል በቃል ያው ነበር። ጋሽ ስቱኮ መቀባቱን አቆመ። ሠራተኛው ሁሉ ከየሥራው ቀና አለ። መልሱም መጣ፤ የዚያን ቅዳሜው፣ ያረጀ ግን ያልዛገ። ጥርሱን በጥርሱ ላይ አስቀመጠና ሞከረው፤ አገጩ ጠንክሯል። ምላሱን ላንቃው ላይ ነካ አደረገ፤ ይታዘዛል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር ይችላል። ፎርማኑም ይሄን ፊቱ ላይ ያየው መሰለ፤ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አስጠጋ፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው።

አየው። ካርቶን የያዙትን እጆቹን፣ ከመስታወቱ የተረፈውን የክንዱን ጠባሳ፣ ለዓመታት ቁምሳጥኑ ፊት ለፊት ሲሰቅለው የኖረውን ያንን ፊት አየው። እንቅልፉ ትከሻው ላይ ደርሷል።

አልማዙን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ጓንቱን አወለቀ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ አስተካከለ። ከዚያ ፎርማኑን በጎኑ አልፎት፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ግድግዳው ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ሄደ።